ገዴ በችካል ላይ

ከአዲሱ ገበያ በንጋት ሚኒባስ፣
የእንጦጦን ወገብ ዞረን ሱሉልታ እስክንደርስ፣
ጭኔ ላይ አቅፌ የኪራይ ሌንስ፤
ከተጫረብኝ ዕዳው ለልጅ ልጅ የሚወረስ።

ኅዳር ነው። ሣሩ ታጭዷል፤ ድርቆሹ ተከምሯል፤
ሜዳው እንደ ተላጨ ራስ ጠባሳው ሁሉ ተገልጧል።
መሸሸጊያ ያጣ ፍልፈል አፈሩን ገፍቶ ይወጣል፤
ይህን እኔ ዘንድሮ ሰማሁ፤ ገዴ ግን ድሮም ያውቃል።

እኔ የስቱዲዮ ሰው ነኝ፤ ሃያ ዓመት በሽሮ ሜዳ
ለጉርድ፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ የሰውን ፊት ሳሰናዳ፣
«አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና፤ ወንድም፣ ዓይን አይጨፈን» ስል፣
ብርሃንን በገመድ ስስብ፣ ጥላን በጃንጥላ ስከልል።
ዛሬ ፍላሽ የለም። አምፖል የለም። ጃንጥላም የለም።
ባለቤቷ ፀሐይ ናት፤ እሷን ደግሞ «ዞር በይ» አይሏትም።

ኦቦ ሁርሳ፣ የድርቆሹ ጌታ፣ መንሻቸውን ተደግፈው፣
«ከክምሩ ኋላ ተኛ» አሉኝ፤ «ካየህ አይመጣም፣ ሰው ጠል ነው።
ነጭ ደረቱን ካዞረልህ ገድህ ነው፣ ቀኑ ይቀናሃል፤
ጀርባውን ከሰጠህ ግን፣ ልጄ፣ ቤትህ መግባት ይሻልሃል።»

ተኛሁ። የታጨደው ሣር ጉቶ በሸሚዜ ገብቶ ይወጋኛል።
ጤዛው ክርኔን አርሶ፣ ብርዱ ጣቴን ነክሶ ይዞኛል።

መጣ።
ድምፅ የለውም። ከሰማይ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ወረደ፤
የፍልፈሉ ጩኸት አጭር ነበር፤ ተጀመረ፣ ሄደ።
ይዞት ተነሣ፤ ግን ዛፍ ላይ አይደለም ያረፈው፤
ከሜዳው መሀል ወገብ የሚደርስ፣ ጫፉን ቀይ የቀቡት፣
ቁጥር የጻፉበት የቀያሽ ችካል አለ፤ እዚያ ላይ ነው።

በአንድ እግሩ ረግጦ በመንቆሩ ይነጭ ጀመር፤
አስቀድሞ ፀጉሩን፣ ለነፋስ ጣል፣ ጣል፣
እንደ ሽማግሌ ሥጋ ቆራጭ፣ ቢላውን ሳያማርር።

ደመና ነበር። ብርሃኑ እንደ አጓት የቀጠነ፣ ጥቁር ከነጭ የማይለይ፤
ጣቴ ቁልፉ ላይ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ «ትንሽ ፀሐይ፣ ትንሽ ፀሐይ»፤
ልማድ አሳተኝና በሹክሹክታ «ቀና በል፣ ወደዚህ እይ!»

የደመናው ስፌት ተፈታ። በእንጦጦ ትከሻ ሾልቆ፣
ክምሩን በየተራ ቀስቅሶ፣ እኔን አልፎኝ፣ ዘልቆ፣
ብርሃን ችካሉ ጋ ደረሰ። ገዴ በዚያችው ቅጽበት
ዞረ። ጀርባውን ሰጠኝ። ጥቁር፣ ሰፊ፣ እንደ ተዘጋ ቤት።

ጣቴ ግን ገድ አያውቅም፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገ፤
ከጥቁሩ ጀርባ ግርጌ ዝገት የመሰለው ጅራት ፈገገ።
አንዴ ብቻ በትከሻው ዞሮ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ክምሩ አለ፣ እኔም አለሁ፤
ከዚያ የቀረውን ውጦ በረረ። እኔ እንደ ተኛሁ ቀረሁ።

ኦቦ ሁርሳ መጡ። «እንዴት ነው?»
«ጀርባውን ሰጠኝ» አልኳቸው።
የካሜራዬን መስኮት በጋቢያቸው ጥላ ጋርደው አዩ።
ወፉን አይደለም። «ታች» አሉኝ፤ «ታች፤ አስጠጋው!»
አንድ መቶ አርባ ሁለት። ቁጥሩን በጣታቸው ነኩት።
«ይሄ ችካል ማታ ማታ ይሄዳል» አሉ፣ «እግር አለው፤
አሥር እርምጃ ወደኔ መጥቷል። ቢሮ ስናገር ‹ማስረጃህ?› ይሉኛል።
ይሄው፤ የአባቴ ጽድ ከኋላው ከነግንዱ ይታያል።
እንደገና ሳይራመድ አትምልኝ። ቀኑንም ጻፍበት።»

ሁለት አተምኩ። አንዱ ስቱዲዮዬ፣ ከሙሽሮች መሀል ተሰቅሏል፤
የገባ ደንበኛ ሁሉ «ፊቱስ?» ይለኛል።
ሌላው መሬት ቢሮ፣ ካኪ ፋይል ውስጥ፣ ከማመልከቻው ጋር ተሰፍቷል።
ገድ ይሁን ገደ ቢስ፣ እስካሁን የተወሰነ የለም።
«ወፉ ምን ያደርጋል?» ስላሉኝ ከላይ ቆርጬዋለሁ፤
ችካሉ አለ፣ ጽዱ አለ፣ ቀኑን ጽፌበታለሁ፤
ጫፉ ላይ ግን ሁለት ቢጫ እግሮች ቀርተዋል፤
አንዱ ቁራጭ ፀጉር ጨብጧል፣
የሌላው ጥፍር እስከ ቁጥሩ ወርዷል።