ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና

ወደቡ በር ላይ ትኬት እቆርጣለሁ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ስሸኝ ኖሬአለሁ።
ወደ ዘጌ የሚሄድ፣ ወደ ደቅ የሚሻገር፣
ለጎርጎራው መርከብ ደጁ ላይ የሚያድር፤
ስም አልጠይቅም፤ ብር ነው የምቆጥር።

ዛሬ ግን በጠዋት አንድ አይሱዙ መጣ፣
ሲሚንቶ ተጭኖ፣ ለደሴት የሚወጣ።
ረዳቱ ከኋላ «ና! ና!» እያለ፣
ወደ ውኃው ጠርዝ ሲያፈገፍግ ሳለ፣
ከጎማው በላይ አንድ ዜማ ተነሣ፤
የማውቀው ዜማ ነው፤ እንዴት ብዬ ልርሳ?
ቀጭን፣ የባትሪ፣ የትንኝ ድምፅ ያለው፣
«ዞር በሉ» ለማለት ቻይና የሠራው፤
ግን ያው ነው፤ ያው እሱ፤ የስንብቱ ዜማ፣
ከስኮትላንድ ተራራ፣ ከጉም የተሰማ።

ዱሮ ያስተማረን ሚስተር ዳንከን ነበር፣
ሒሳብ አስተማሪ፣ አፍንጫው የሚላጥ በባሕር ዳር ሐሩር።
ኮንትራቱ አልቆ፣ ሰኔ እንደ ገባ፣
አዳራሽ ሰበሰበን፣ ሳይተክዝ፣ ሳይባባ፤
«በቃሉ አትድከሙ፤ እኔም አልገባኝ፣
የአያቴ ቋንቋ ነው፤ ግማሹ ጠፋብኝ፤
ዜማውን ከያዛችሁ እሱ ነው የሚበቃኝ።»

የክፍላችን ክራር መቺ፣ ይስማው ገረመው፣
አንዴ አዳመጠና አንገቱን ነቀነቀው፤
«መምህር፣ ይኼማ ትዝታ ቅኝት ነው!
አምስት ድምፅ ነው ያለው፤ ከእኛ ማን ሰረቀው?»
ሳቅን። እሱም ሳቀ፣ ሳል ጠርቅሞ እስኪይዘው፤
«ሐይቅ ያለበት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያዜመው»
አለ፤ ልክ ይሁን፣ ይሳት፣ ማን ያውቀው።

ከዚያ ክብ ሠራን፤ ሃያ ሰባት ልጆች፣
ቀለም የነካቸው ሃምሳ አራት እጆች።
«ቀኙን በግራው ላይ፣ ደረት ላይ አጣምሩ፤
ቀኝህ የግራህን ሰው፣ ግራህ የቀኝህን ሰው፤ ያዙ፣ አትፈሩ!»
ተደናበርን እንጂ! የማን እጅ የማን ነው?
በግራዬ በኩል የአንጓች እጅ ነው የመጣው፣
ቀዝቃዛ፣ ላብ ያለው፣ ጠመኔ የነካው።
አላያትም እኔ፤ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ፣
እሷም አታየኝም፤ መዳፏን አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዜማው እየተከተለኝ፣
በማላስበው ቀን፣ በየቦታው አገኘኝ፦
በቴሌቪዥን ፊልም፣ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት፣
ፈረንጆች ሲሳሳሙ ሌሊት ስድስት ሰዓት፣
የእኛ ዘመን ተለውጦ፣ ዐደይ ከረገፈ
ሦስት ወር ከምናምን እንደ ዋዛ ካለፈ።
በካርድ ሆድ ውስጥ፣ ሲከፍቱት የሚያለቅስ፣
ለእኅቴ ልጅ ሠርግ ከዱባይ የሚደርስ።
በአንዱ ትልቅ ሱቅ፣ መብራት ሊያጠፉ፣
«ውጡልን» ላለማለት፣ ደንበኛ ሳይገፉ።
የይስማው ቀብር ላይ ግን ማንም አላዜመው፤
ክራሩን አቧራ፣ እሱን አፈር ሸፈነው።

ሃያ ሰባት ነበርን። ማን ቀረ? አልቆጥርም፤
ትኬት ነው ሥራዬ፤ ሰው ቆጥሬ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ደግሞ፣ አንድ እጅ ገባ በመስኮቴ፣
«ለጎርጎራ፣ አንድ ሰው።» ቆረጥሁ በፍጥነቴ።
መዳፉ ቀዝቃዛ! ደነገጠ አጥንቴ፤
ቀና ስል ጃንጥላ ነው፤ ሰልፍ ነው ከፊቴ።
መርከቡ ጮኸና ደንገሉን አለፈ፤
ስሙኒ መልሷ ግን እጄ ላይ አረፈ።

አይሱዙው ሲያፈገፍግ ብቻ ነው የሚያዜም፤
ማርሹን ወደ ፊት ካስገቡት ድምፅ የለም።
ያቺን ትንሽ ሣጥን የገጣጠመ ሰው
ሳያውቀው ይሆናል፣ ግን ልክ ነው የሠራው፤
ወደ ፊት ለሚሄድ ዜማ ምን ሊረዳው?

ረዳቱ «በቃ! ቁም!» ብሎ መታ ጎኑን፣
ዜማው መሐል ቀረ፣ ሳይጨርስ ስንኙን።
ለካ ቆሜአለሁ እጄን አጣምሬ፣
ቀኙን በግራው ላይ፣ ደረቴን አጥሬ፤
በቀኜም ሰው የለም፣ በግራዬም የለም፤
ጎረቤት ያጣ ክንድ
ራስን ከማቀፍ ሌላ ሥራ የለውም።

«አባባ፣ በረደዎት?» አለኝ ረዳቱ፤
«አዎ» አልሁት፤ «ከሐይቁ ነው፤ ነፋስ አለው ጠዋቱ።»
ሰልፉ ረዝሞ ነበር። ወደ ቦታዬ ገባሁ።
«ቀጣይ!» አልሁ፤ እጅ መጣ፤
ብሩን ሳልቀበል፣ ቀና ብዬ አየሁ።