ያልደረቀ ጨው

በታርቱ ከተማ፣ ወንዙ በረዶ ለብሶ፣
በዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀኑ መሽቶ ጨርሶ፣
ከምድር ቤቱ ክፍል፣ ከመብራት ቀርቤ
ጨው እወቅጣለሁ እጅጌ ሰብስቤ።

ጨው ስል የወጥ አይምሰላችሁ።
ውኃ ያልነካው ነው፣ እሳት ያልፈጀው፣
ፈሳሽ ሆኖ አድሮ ፈሳሽ የሚነጋው፤
ጠርሙሱን ሳዘነብል እንደ ሰነፍ ማር
ዝግ ብሎ ይመጣል፣ ሳይቸኩል፣ ሳያፍር።
ቅንጣቶቹ ግዙፍ፣ ቅርጻቸው ጎባጣ፣
ተሰለፉ ቢባል አንድም ቀጥ ያልወጣ፤
ስለማይደረደሩ ድንጋይ አይሆኑም።
«ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ» የሚለው ተረት
እዚህ ጠርሙስ አጠገብ ግራ ገባው።

ከዚያ ጥቁር ዱቄት፣ ከሰል የመሰለ፣
በቁንጥር ጨምሬ ዘነዘናው ሲዞር
ፈሳሹ ይቆማል፤ መፍሰሱን ይረሳል፣
እንደ ለጋ ቅቤ ማንኪያ ላይ ይነግሣል።
ፖሊመሩ መረብ ነው፤
በመረቡ ዓይኖች ጨው ይመላለሳል።

ሦስት ዓመት ሙሉ በውኃ ነበር የደከምኩት።
ሰኞ የሠራሁት ዓርብ ተኮማትሮ፣
እንደ ወተት ስልባቦት ጠርዙ ተሰብሮ፣
እርጥበቱ ሸሽቶ፣ ነፍሱ ካገር በሮ።
ይኼኛው አይተንም።
ኅዳር ላይ መሳቢያ ውስጥ ረስቼው
ጥር ላይ ባገኘው፣
እንደተውኩት ርጥብ ነው።

ታቬት ወንድሜ ነው፤ ከፔይፕሲ ሐይቅ ዳር
ዓሣ አጥምዶ፣ አጭሶ፣ በጨው የሚያሳድር።
ግራኝ ነው፤ ከግራ እጁ ሦስት ጣት ጎደለው፤
የመረብ መጎተቻው ሞተር በላው፣ አምና ነው።
ቅዳሜ ለት መጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ
ያጨሰውን ዓሣ፤ «ምንድን ነው ሥራሽ?» ብሎ
ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተ። ሽታ የለውም።
ጣቱን ሊያጠቅስ ሲል
«እንዳትቀምሰው!» አልኩ ጮኼ።
«ጨው አይደል ወይ?»
«ጨው ነው።»
«የማይቀመስ ጨው! ምነው ባትነግሪኝ» ብሎ ሳቀ።

ሁለት ቮልት ሰጠሁት፣ የባትሪ ጉርሻ፤
ከወረቀት ቀጭን፣ ጥቁር እንደ ጥቀርሻ፣
ያ የጄል ቁራጭ
ጎነበሰ። ቀና አለ። ጎነበሰ።

ታቬት ዝም ብሎ ቆየ።
«ሰው የሚጠራ ይመስላል» አለ፣ «በጣቱ፣ ና ብሎ።»
ቀጥሎም «ይሰማዋል?» አለኝ።
«አይሰማውም» አልኩት፤ «ግን ስታጎብጠው
ጨዉ በመረቡ ውስጥ ወደ ጥግ ይሸሽና
ትንሽ መብራት ይሰጣል፣ ለዝንብ እንኳ የማይበቃ።»
ሽቦውን ከባትሪው ነቅዬ
ከቆጣሪው ጋር አገናኘሁ።

ጓንቱን አወለቀ። ጉቶ የሆነውን፣
እናታችን እንኳ ያላየችውን፣
ከሐኪም በቀር ማንም ያልነካውን
ያን የተሰፋ ሥጋ
ቀስ አርጎ ጫነበት።

መርፌዋ ተነሣች።
እጁን አነሣ፤ ተመለሰች።
ደግሞ ጫነ፤
ተነሣች።

እንዲህ ያለውን ነገር በመዝገብ እጽፋለሁ፤
ሚሊቮልቱን፣ ሰዓቱን፣ የክፍሉን ሙቀት።
ያን ቀን ግን እርሳሴን ፈልጌ አጣሁት፤
ከጆሮዬ ላይ ነበረ።

ጣት አይሆነውም። ሁለታችንም እናውቃለን፤
ቁራጩ ከላባ በላይ ማንሣት አይችልም፣
ሞተሩ የበላውም ተመልሶ አይበቅልም።
ቢሆንም፣ አውቶቡሱ ገና ሳይነሣ፣
በስልክ ጻፈልኝ፤ «ነገም ይሠራል?»
«አይደርቅም» ብዬ መለስኩ።

ማታ ዓሣውን በላሁት። ጨው በዝቶበታል።
ታቬት ካምና ወዲህ በግምት ነው ጨው የሚጥለው፤
ግራ እጁ መቆንጠር ተስኖት ነው።