ሁለት መስመር

ረምላ ከሶፊ ሥልጠና ስትመለስ በሻሽዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች፣
ገላው ጥቁር፣ ቅንድቡ ነጭ ዘር። «ላብላብ ነው ስሙ» አለች።
«ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በመስመሩ መሀል እንዘራዋለን፤
አገዳ ብቻ እያስቆረጠምን በሬ አደለብን እንላለን።»

ዲማ ደጃፋችን ላይ ታስሮ ከእጅ ነው የሚጎርሰው፤
በእኛ አገር ለሚሸጥ በሬ ጉርሻ አይነፍገውም ሰው።
አገዳው ሲደርቅ ግን መንጋጋው ይደክመዋል፤
ፊቴን ትቶ መዳፌን ያያል፤ «ሌላ የለም?» የሚል ይመስላል።

ቡሽራ በአጥር አሻግሮ ሳቀ።
«ላብላብ? ስሙ ራሱ ላብ ነው፤ በላብህ ላይ ላብ ሊጨምርብህ!
ሐረግ እኮ ነው፤ ዘመድ መስሎ ተጠግቶ ማሽላህን አንቆ ሊገድልብህ!»

ሳቁ ተከትሎኝ ቤት ገባ። እራት በላ። ከጎኔ ተኛ።
ጨረቃ ስትወጣ ቀስቅሶ መራኝ፤ እኔ ሌባ፣ እሱ ጓደኛ።
በገዛ ማሳዬ ተንበርክኬ፣ ከግርጌ በኩል ሁለት መስመር
ለጋውን ሐረግ ነቀልኩት። ከየሥሩ ትናንሽ ዶቃ ተንጠልጥሏል፤
ሲሳይ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ጠዋት ረምላ አየች። ጎንበስ ብላ አፈሩን ነካች።
«ጃርት ነው መቼም» አልኩ።
«ነው፤ ኮንጎ ጫማ የሚያደርግ ጃርት» አለች።

ነሐሴ አጋማሽ ዝናቡ ቆመ፤ ሰማዩ ቆርቆሮ መሰለ፤
ማሽላው ራስ ሳያወጣ ቅጠሉን ጠቅልሎ ዝም አለ።
እኔ የነቀልኩበት ሁለት መስመር እጅ እስኪያስገባ ተሰነጠቀ፤
አገዳው ከሁሉ ቀድሞ ወደቀ።
ሌላው ማሳ ከሥር አረንጓዴ ነው፤ ላብላቡ መሬቱን አልብሶ፣
ሐምራዊ አበባ አውጥቶ፣ ንብ ጠርቶ፣
በማሽላው ጫንቃ ላይ ክንዱን አንተርሶ።
አላነቀውም።

ማታ ማታ አንድ እቅፍ ታጭዳለች፤ ከአገዳው ጋር ትቀላቅላለች፤
መጀመሪያ ጥላ ላይ ታጠወልገዋለች፤ «ሆዱ እንዳይነፋ» ትላለች።
የዲማ የጎድን አጥንት ጠፋ፤ ጠጉሩ ቅቤ እንደነካው ወዛ።
ቡሽራም መጣ፣ በአጥር ሳይሆን በበር፣
ባዶ ጆንያ አንግቶ፣ ቃሉ እንደ ወትሮው ሳይበዛ።
«ለጊደሬ» አለ። ረምላ ጠቅጥቃ ሞላችለት።
ስለ ላብ ያነሣ ሰው የለም።

ሐረር ከብት ተራ ስናደርሰው ደላላው ሽንጡን ጨበጠው።
«ምን አበላችሁት?»
«ከጃርት የተረፈውን» አለች ረምላ።
ያኔ ነው ፊቴን ላብ የዋጠው።

ማታ ብሩን ቆጠረች። ከእኔ ድርሻ ሁለት ኖት ቀነሰች።
«የሁለት መስመር» ብላ በሻሽዋ ጫፍ ቋጠረች።

ደጃፉ ባዶ ነው። እጄ ግን እስካሁን
የዚያን ምላስ ሻካራ ይጠብቃል።

ዘንድሮ ዘሩን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ከግርጌ ጀምሬ፣ በጉልበቴ።
ነጭ ቅንድቡን አንሥቶ አየኝ እያንዳንዱ ፍሬ፣
አፈር እስካለብሰው በጣቴ።