ቁንጮ

ፀጉር ሠሪ ነኝ እኔ፣ ስሜ ቶኮማሱ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ያረጀሁ ከነሱ፣
ከሱሞ ልጆች ጋር፣ በሱሚዳ ወንዝ ዳር፤
ኑሮዬ በሚዶ ማንጋት፣ በሰም ሽታ ማደር።

ናይዳንን ያየሁት በጥር ብርድ ነበር፣
ከሆቭድ የመጣ፣ ከሞንጎሊያ ድንበር፤
ዐሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ቁመቱ ምሰሶ፣
አንድ ሻንጣ ይዞ፣ ያባቱን ኮት ለብሶ።
ጃፓንኛው ሁለት ቃል፣ «አቤት» እና «ይቅርታ»፤
በሁለቱ በላ፣ በሁለቱ ተመታ።

ላንድ ትግል ቤት አንድ ባዕድ ነው ደንቡ፤
እሱ ነበር አንዱ። ሌሎቹ ሲከቡ
ድስቱን በየተራ፣ እንደየማዕረጉ፣
ለሱ የሚደርሰው መረቅ ነው ከጥጉ።

ፀጉሩ ነው ያስቸገረኝ፤ የፈረስ ጭራ ነው፣
ሰም የማይገዛው፣ ሚዶ የሚሰብረው።
ሦስት ሚዶ ሰብሮብኝ እንዲህ አልኩ በሆዴ፦
«ይሄስ ይጠፋል እንጂ አይገራም በዘዴ።»

አልጠፋም። ቆርጦ የመጣ ነበር።

ጨው የሚበተነው ማዕረግ ሲገኝ ነው፤
ታችኞቹ ባዶ እጅ ይገባሉ። ስድስት ዓመት ጠበቀው።
ያን ለት የጊንኮ ቅጠል አስመስዬ ቁንጮውን ሠራሁት፤
መስታወት ሰጠሁት፤ ዝም ብሎ አየው፣ ዝም ብዬ አየሁት።
ወጥቶ በመዳፉ ሙሉ ጨው ዘገነ፣
ወደ መብራቱ አቅጣጫ እንደ ጉም በተነ፤
ያ ባዕድ፣ ያ ፈረሰኛ፣ በክቧ አሸዋ
ጨው እየበተነ ሆነልን ጨዋ።

ኪታኖሃራ አሉት፣ «የሰሜን ሜዳ»፤
ታላቁን ሻምፒዮን የጣለ ለት
የአዳራሹ ትራስ እንደ ወፍ በረረ።

ናጎያ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ዐሥረኛው ቀን ላይ፣
መቶ ሰባ ኪሎ ሰው ወደቀበት ከላይ።
«ቋ» ሲል እስከ በሩ ሰማሁት።
ጉልበቱ ሲሰበር ጉልበቱም አብሮ ሄደ፤
ደሞዙ ሄደ፣ የሐሩ መቀነት ሄደ፤
በሠላሳ ዓመቱ ጥቁር ጥጥ ታጥቆ
የትናንት ልጆችን ጀርባ አሸ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣
በዚያው በታመመው።
ሁለት ዓመት። ተመለሰ። ደግሞ ወደቀ።
በመጨረሻ ዳኛው ጎንበስ ብሎ አሸዋውን አየ፦
የተረከዝ ምልክት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል።
በቃ።

አሰልጣኝ ሆኖ ለመቅረት ዜግነቱን መለወጥ ነበረበት፤
የሀገሩን ፓስፖርት በፖስታ አሽጎ መለሰ።
ማታ ሰም ስቀባው «ከዛሬ ወዲያ ማነው ስሜ?» አለኝ።
እኔንም ቶኮማሱ ያሉኝ እዚህ ነው፤
እናቴ ባወጣችልኝ ስም የጠራኝ ሰው ከሞተ ቆየ።
አልመለስኩለትም።

ቁንጮው የተቆረጠ ለት ሦስት መቶ ሰው ተሰለፈ፣
አንዳንድ ቅንጣት ሊቆርጥ፣ በወርቅ ቅብ መቀስ።
ሰሙ ከፀጉሩ ነው፣ ወርቁ ከመቀሱ፤
ፍቺውን የያዘች አንዲት ሴት ነች ለሱ፤
እናቱ ቱንጋላግ ከታች ተቀምጣለች፤
ሴት መድረኩን አትረግጥም፣ ደንብ ነው፣ ታያለች።

በዋዜማው በአስተርጓሚ ነግራኝ ነበር፦
«እኛ ጋ የሕፃን ፀጉር እስከ አምስት ዓመቱ አይነካም፤
ከዚያ ዘመድ ይሰበሰብና አንዳንድ ቁንዳላ ይቆርጥለታል፣
መቀሱ ላይ ሰማያዊ ሐር ታስሮ።
የናይዳንን ፀጉር በከረጢት የተቀበልኩ እኔ ነኝ፤
አጎቱ ውርንጭላ ሰጠው።
ነገም ሰው ይሰለፋል አላችሁኝ።
ከረጢቱን ማን ይይዛል?»

የቤቱ ጌታ የመጨረሻዋን ቆረጠ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ።
እኔ ግን ከጆሮው ኋላ፣ ከሰሙ ሥር፣
አንዲት ቁንዳላ ደብቄ ነበር።
በጓዳ በሩን ዘግቼ የራሴን መቀስ ሰጠኋት፣
ወርቅ ያልነካው ብረት፣ በየሳምንቱ የምስለው።
እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ናይዳን ራሱን ዳሰሰ። «ቀለለኝ» አለ።
የትኛውን ቅለት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤
መጥረጊያዬን አነሳሁ።