ባዶ እጅ

ትሮምሶ በኅዳር፣ ፀሐይ ፈቃድ ወጥታ፣
ቀትር ላይ ተቁሞ የሚመስለው ማታ።
ዝናብ ይወርዳል፣ የዋህ የመሰለ፣
ብረት እስኪነካ ውሃ ነኝ እያለ፤
ክንፍ ላይ ሲያርፍ ግን ስሙን ይቀይራል፣
እንደ መስታወት ቆዳ ተጣብቆ ይቀራል።

ሁለት ጊዜ አጠብነው፣ ትኩስ ፈሳሽ ረጭተን፣
እኔና ቶርብዮርን ቅርጫት ላይ ተሰቅለን፤
ሁለት ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ደረሰ፣
እኛ የሠራነውን እየደመሰሰ።

ውስጥ ሰባ አንድ ሰው ቀበቶውን ታጥቋል፤
ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰው ሰዓት ይጠይቃል።
ወይዘሮ ኢንገር፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ጥቁር ኮት ታቅፋ ውጭ ውጭውን ስታይ፤
ቦዶ ላይ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ወንድሟ ይቀበራል።
(ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።)

ማነው የሚወስነው?
ብዬ ጠይቄ ነበር ሥራ የጀመርኩ ዕለት።
አሠልጣኙ ሳቀ።
"ሕጉ አለ። ሰንጠረዡ አለ፤
በስንት ብርድ ፈሳሹ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይነግርሃል።
ካፒቴን አለ፣ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነው።
ኦስሎ ላይ ስልክ አለ፤ ከስልኩ ማዶ ሒሳብ የሚሠራ ሰው አለ።
አንተ ግን" አለኝ፣ "ዓይንህን አትመን።
ጓንትህን አውልቅና ዳስሰው።"

ያን ቀን ሰንጠረዡ "ይቻላል" ብሎ ነበር፣
በአራት ደቂቃ ብልጫ።
ስልኩም "ይቻላል" ብሏል፤
ስልክ ደግሞ አይበርደውም።

ጓንቴን አወለቅሁ።
ከሥሩ የቀዘቀዘ ነዳጅ ባለበት በኩል
ጣቴ መንሸራተት ሲገባት ተያዘች፤
እንደ ድመት ምላስ ሻከረባት።
የወረቀት ያህል ስስ፤ ከወረቀትም የሳሳ።
በዚህች ይወድቃል? አላውቅም።
አይወድቅም? እሱንም አላውቅም።

አባቴ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር።
"ድሮ" ይለኝ ነበር፣ "መንገድ ላይ ጠብ ሲነሣ፣
አላፊ አግዳሚው፣ ሸማኔም ይሁን ለማኝ፣
'በሕግ አምላክ!' ካለ
በትር ያነሣው በትሩን ያወርዳል፤
የደጃዝማች በቅሎ እንኳ ባለችበት ትቆማለች።
ፍርዱ የአላፊው አይደለም፣ ፍርዱ ዳኛ ፊት ነው።
የእርሱ ሥልጣን ማስቆም ብቻ።"

ሁለት እጆቼን ከራሴ በላይ አመሳቀልኩ።
ከአፌ የወጣው ቃል
ኖርዌጅኛ አልነበረም።

ካፒቴን ሶልቬግ ኮት ሳትደርብ ወረደች፤
መሰላሉን ወጥታ፣ ጓንቷን በጥርሷ ስባ፣
እጄ የነበረበት ላይ እጇን አሳረፈች።
ዝም አለች።
ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ።
"አንሄድም" አለች፣ ለእኔም አይመስለኝም፣
ለክንፉ ነው የነገረችው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ
ከጎናችን የቆመው፣ የሌላው ኩባንያ፣ ሞተሩን አስነሣ።
ያው ፈሳሽ፣ ያው ዝናብ።
(ዝናቡ ቀጥኖ ነበር ይላል ቶርብዮርን።)
ተነሣ። ቦዶ ገባ። በሰላም።
ወይዘሮ ኢንገር በመስታወቱ ሸኘችው፤
ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።
ወንድሟ ያለእርሷ ተቀበረ።

የወደቀ እንደሆን ምስክር አያጣም፣
ስብርባሪው ያወራል፣ ሣጥኑም አይዋሽም፤
ሳይነሣ የቀረ ግን ምን ማስረጃ አለው?
ሰባ አንድ ሰው ነው ሆቴል ያማረረው።

ማታ ሪፖርት ጻፍ ተባልኩ።
"ምክንያት" በሚለው መስመር ላይ "እጄ" ብዬ ጻፍኩ፤
ሶልቬግ ከሥሩ ፈረመች፣ አንድ ፊደል ሳትጨምር።
"ማስረጃ ካለ ይያያዝ" ይላል ታችኛው መስመር።
በረዶው ቀልጦ ነበር።
ጓንቴን ኪሴ ከትቼ
ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ሄድኩ።