ጃርት

ጠባ አሉን መስከረም፤ ሰማዩ ታጠበ፤
ከቆጋ ማዶ ያለው ጉም ተሰበሰበ።
እናቴ ቁርበቱን፣ ጀንዲውን አውጥታ፣
የሻገተ ክረምት ፀሐይ ላይ አስጥታ፣
በዱላ ስትወቃው ይወጣል ከሆዱ
የሦስት ወሩ ጭስ፣ የሦስት ወር ብርዱ።

ጎተራው ውስጥ ዛሬ ታናሼ አንሙት ገብቶ፣
ከጥጉ የቀረ ዳጉሳ ጠርጎ አውጥቶ፣
ሁለት ቁና ሰጣት አቧራ ተቀብቶ።
በቆሎው ግን ቆሟል፣ ፂሙ ጠቆር ብሏል፤
በዓይናችን ከሆነ ስንት ጊዜ ተበልቷል።
አባቴ ሽባባው አንዱን ገልጦ ወጋ፤
"ወተት ነው" አለና፣ "አንድ ሳምንት ይንጋ፤"
ከደነው መልሶ፣
እንደ ተኛ ሕፃን ቅጠሉን አልብሶ።

ሰኞ ነው ምዝገባው፣ ዘጠነኛ ክፍል፤
እኅቴ አትጠገብ መራዊ ልትውል፤
መዋል ብቻ አይደለም፤ ልታድር፣ ልትከርም፤
ይኸን ቃል ቤት ውስጥ ማንም አላነሣም።
ከወፍጮ ቤት ኋላ አንዲት ክፍል አላት፣
ለሦስት አንድ አልጋ፣ መስኮት የጎደላት።
ለደብተር፣ ለጫማ ዶሮዋ ተሸጠች፣
ያቺ ገብስማዋ፣ ስንት ጫጩት ያወጣች።
ለቤት ኪራዩ ደግሞ ጠቦቱ ታስሯል፤
አንሙት በመዳፉ ጨው ይዞ ያልሰዋል።
ቅዳሜ ገበያ እንደሚነዱበት
ለልጅ ለመንገሩ ማን አለው አንጀት?

እርሷ ጤፉ ውስጥ ናት፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ፤
አረሙን ስትነቅል አይታይም ፊቷ።
እናቴ "ተይው በቃ" ብትላት ከደጇ፣
መልስ አልሰጠቻትም፤ ፈጠነ እንጂ እጇ።

ማታ ማታ ጥበቃው የኔና ያባቴ ነው፤
ማማው ላይ፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበነው።
ዝንጀሮስ በቀን ነው፣ ይታያል ከሩቁ፤
ሌሊት ነው የጃርቱ፣ ሌሊት ነው መጥፎ ሳቁ።
ጃርት ክፉ ሌባ ነው፤ አገዳውን ጥሎ
አንዱን ቀምሶ ያልፋል፣ ዘጠኙን አጉድሎ።
አባቴ ማማው ላይ ቃል አይወጣውም።
ለበሬው ያወራል፤
ለሰው ግን ይሰስታል።

የእሑድ ለት ሌሊት ጨረቃዋ ጎላ፤
ስንቋ ተቋጥሯል ከምሰሶው ኋላ፤
በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፤ ገብሱ ብድር ነው፣
ከነባንቴ ቤት፣ ለኅዳር ልንመልሰው።
እናቴ ቋጠረች፤ ፈታች፤ ቋጠረች፤
ደግሞ ፈታች። ምን እንደረሳች
አላወቀችውም።

እኩለ ሌሊት ላይ ብድግ አለ ድንገት፦
"ሆ! ሂድ ከዚህ! ሆ! ወዲያ፣ አንት ጃርት!"
ባትሪ አብርቼ አየሁ፤ ማሳው ጸጥ ብሏል፤
ቅጠል አይላወስም፤ ጤዛው ብቻ ያበራል።
"አባ፣ የታል?" አልኩት። "አለ" አለኝ፣ "አለ፤"
ድምፁ ሳግ ተናንቆት እየተንጠለጠለ።
ደግሞ "ሆ! ሆ!" አለ፣ ወደ ቤቱ ዞሮ፤
ማሳው በጀርባው ነው፣
ይደበድባል ቆርቆሮ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ግን ገባኝ።
ባትሪዬን አጠፋሁ፣ ፊቱን እንዳላየው፤
ተነሣሁና እኔም "ሆ!" አልኩ አብሬው።
ከቤቱ በኩልም፣ ከጨለማው መሐል፣
"ሆ!" የሚል ቀጭን ድምፅ አንዴ ተሰምቷል።
ከዚያ ዝም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ የመንገዱ ሣር
ቀሚሷን አርሶት ሄደች በዳር በዳር።
ከድልድዩ ስትደርስ ቆማ ስንቋን አየች፤
ከበዳት መሰለኝ፣ ትከሻ ቀየረች።

ረፋድ ላይ እናቴ ማሳ ዳር ቆጠረች፤
"አራት እሸት የለም!" ብላ ተጣራች።
"ጃርት ነው" አለ አባቴ፣ ቀና ግን አላለ።
አገዳው ቆሟል፤ አንድም አልተጣለ።
ጎንበስ ብላ አይታ፣ ዳስሳ ቁራጩን፣
በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች አፏን።
"ዘንድሮስ" አለችው፣ "ጃርቱም ማጭድ ገዛ?"

አባቴ ዝም።
ወደ በሬው ሄደ፣ ማጅራቱን አሸው፣
ጆሮው ሥር ተጠግቶ
ብዙ ነገር ነገረው።