የቱ ይከፍተዋል?

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከእንዳላማው ሱቅ፣
ሁለት ሣጥን ይዤ ዋልሁኝ ስጠይቅ።
አንደኛው ጥቁር ነው፣ መዳፍ የማይሞላ፤
ሌላው ወፈር ያለ፣ ቀዳዳው ከኋላ።

«ይኸን ውሰድ» አለኝ፣ ጥቁሩን አንስቶ፣
«ዓለምን ያመጣል ከአየር ላይ ጎትቶ፤
ፊልም ነው፣ ኳስ ነው፣ ያሻህን መርጠህ፣
እንደ ወንዝ ይወርዳል፣ አንተ ቁጭ ብለህ።»

ወንዙንስ አውቃለሁ። ላህን አይቻለሁ፣
በሚያዝያ ጫማዬን ሳላርስ አልፌዋለሁ።
ኔትወርኩም እንደዚያው፤
ሲመጣ ደራሽ ነው፣ ሲሄድ ጠጠር ብቻ፣
ክቧ ትዞራለች፣ የላትም መግቻ።

ከደረት ኪሴ ውስጥ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣
ፍላሽ አወጣሁለት፣ «ሞክርልኝ» ብዬ።
ጥቁሩ «አላወቅሁትም» አለና ዘጋ፤
ወፍራሙ አንኮራፋ፣ ቆየና… ነጋ።

ወንድሜ ስሜነህ በዚያ በድሮ ስልኩ
የቀዳት እናቴ፣ ተንቀጥቅጦ መልኩ፤
በርበሬ ስትቀነጥስ ታስነጥሳለች፣
«አስቀምጠው ይኸን፣ ና ብላ!» ትላለች።
ስሜነህ ይስቃል። ፊቱ ግን አይታይ፣
የሚቀርጽ ሰው መቼም አይገባ ምስሉ ላይ፤
ከዚያ ክረምት ወዲህ ያች ሳቅ ናት የቀረች፣
በአንድ ጊጋ ፍላሽ ተጣጥፋ የኖረች።

እንዳላማው ድምፁን ጨመረ፣ ሳልጠይቅ።
ሱቁን ሞላው ያ ሳቅ።

ዋጋ አልተከራከርሁም።
«ወንዝ ደጄ ነው» ብሎ፣ የሰበረ እንስራ፣
ጎረቤት ነበረን፣ በጋ እኛን የሚጣራ።
ወፍራሙን ታቅፌ ባጃጅ ላይ ወጥቻለሁ፤
ሪሞቱ ባትሪ የለው፣ ነገ እፈልጋለሁ፤
ማታ ስሜነህን ለእናቱ አደርሳለሁ።